በፒክአፑ ላይ የቆመው ቀርከሃ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ ጧት። ዳንግላ።

ስልኩ እጅ እስኪያቃጥል ጋለና ጠፋ። በስልኬ ሆትስፖት የጀመርኩት ሙከራ እዚህ ላይ አበቃ። ለአጭር ወሬ ይሆናል፤ ለረጅም ቪዲዮ አቅም የለውም። ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ደብተሬ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስይዝህ፤ በኋላ ሳነብህ እኔኑ ግራ እንዳታጋባኝ። ባለፈው የላክሁት ድንች አ.አ. ደርሶ ሲራገፍ ከማዳበሪያ ጆንያው ሥር አረንጓዴ ተገኘበት። ፀሐይ የመታው፣ ሲበሉት የሚመር። የቺፕስ ፋብሪካው ግዢ ኃላፊ ዳንኤል ደወለልኝ። አልጮኸም። የማይጮህ ገዢ ነው የሚያስፈራኝ። ከእንግዲህ ጭነቱ ሲጫን በቀጥታ ቪዲዮ ካላየ እንደማይረከብ ነገረኝ። ተቀርጾ የተላከ አይሆንም። እሱ ከዚያ ሆኖ ይህን ይፍቱ፣ ያን ይገልብጡ እያለ ማየት ይፈልጋል። ካልተቻለ ሌላ ነጋዴ እንደሚሞክር በትሕትና ጨመረበት።

አልፈረድኩበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።

ችግሩ የምንጭንበት ቦታ ነው። ከጥሊሊ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ በኮረብታ የተከበበ ሸለቆ። አይሱዙ መግባት የሚችለው እዚያ ብቻ ነው። ኔትወርክ ያለው ደግሞ ኮረብታው አናት ላይ። ያን ሁሉ ድንች ኮረብታ ላይ አላወጣም። ስለዚህ ኔትወርኩ ወደ ድንቹ ይወርዳል። በመኪናዬ።

ያው ቀን፣ ማታ።

እንጅባራ ደርሼ መጣሁ። ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ገዛሁ። ከመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ሶኬት በቻርጀር ይሠራል። ሻጩ የውጭ አንቴና መሰኪያ እንዳለው አሳየኝ፤ አንቴናውን ግን አያስፈልግሽም አለኝ። ፓኬጅ ሞላሁ። የዋይፋዩን ስም «ዘሀራ ድንች» አልኩት። ፓስወርዱን እንዳልረሳው የፒክአፑን ታርጋ ቁጥር አደረግሁት። ዳንግላ ላይ ኢንተርኔቱ እንደ ጅረት ይፈሳል። ቤቴ በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዜና አየሁ። ጎረቤቶቼ ከባለቤቴ ተጣልቼ የወጣሁ መስሏቸዋል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ሸለቆው።

ምንም። ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ምንም። መስኮት ላይ አንጠለጠልኩት፣ አንድ መስመር ብቅ ብላ ጠፋች። ሹፌሬ ታደለ ራውተሩን አንሥቶ ጣሪያው ላይ ወጣና እንደ ሐውልት ቆመ። ከታች ሆኜ ስልኬን አያለሁ። «እትዬ ዘሀራ፣ መጣ?» ይለኛል። አልመጣም። «እጄን ላንሣ?» አንሣ። «አሁንስ?» መጣ! «እንግዲህ ጭነቱ እስኪያልቅ እንዲህ ልቁም?»

ሳቅኩ፤ ግን መልሱ እዚያው ነበር። ከፍታ ነው የጎደለን። ሻጩ አያስፈልግሽም ያለው አንቴና ያስፈልገኛል፤ ከፍ የሚያደርገውም ረጅም ነገር።

ረጅም ነገር ደግሞ አያ ገረመው ጓሮ ሞልቷል። የምንጭነው እሳቸው ማሳ ዳር ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ቃላቸውን ይሰማል። ከቀርከሃቸው አንድ ጠየቅኋቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ታደለን በአዊኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ከት ብሎ ሳቀ። ለመገበያየት የሚበቃ አዊኛ አለኝ፤ ገብቶኛል። ከቀርከሃ ወንበር ሲሠራ አይቻለሁ፣ አጥርም አይቻለሁ፣ ሴትዮዋ ግን ስልክ ልትሠራበት ነው ማለታቸው ነው። ቢሆንም ረጅሙን መርጠው ቆረጡልኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ።

አንቴናው ከነገመዱ ተገዛ። ቀርከሃውን ከፒክአፑ ጭነት ማቀፊያ ጋር በጎማ አሰርነው፤ ጫፉ ላይ አንቴናው። ንፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ስልኬ ላይ መስመሮቹ ሞሉ። አልሐምዱሊላህ።

ለዳንኤል በቪዲዮ ደወልኩ። ወንዙን አሳየሁት፣ ጋሪዎቹን፣ ጉም የተኛበትን ኮረብታ። ተደነቀ። ዓርብ እንጫን አለ። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ እዚህ አገር መሬት የሚነካ የለም አልኩት። ሙስሊሟ ለክርስቲያኑ በዓሉን አስታወስኩት፤ አፈረ። ቅዳሜ ተባባልን። ጾሙም ሊገባ ስለሆነ ድንች ይፈለጋል። ጊዜው ጥሩ ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ ማታ።

በረድ ባለ ልብ ልጻፍ።

ጭነቱ በደንብ ተጀመረ። ዳንኤል ከላይ ያሉትን አየ፣ ወደደ። ቀጥሎ ከሥር ያለውን ማዳበሪያ እንድፈታ ጠየቀኝ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ስፈታ ፊቱ ስልኩ ላይ ደረቀ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ቀና ስል ያ ሁሉ ሰው፣ ጫኙም ገበሬውም ባለጋሪውም፣ ፒክአፑን ከቦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። የሁሉም ስልክ የከረመ መልእክቱን ባንዴ ይስባል። ፓስወርዱን ታደለ ነው የነገራቸው። መንገርም አላስፈለገውም፤ በጣቱ የመኪናውን ኋላ አሳያቸው። ታርጋዬ!

ጮህኩበት። እሱ ግን አልገባውም። «ሲጠይቁኝ ምን ልበል፣ እትዬ? ውኃ ለጠየቀኝ ሰው ጀሪካኑን ልደብቅ?»

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለዳንኤል ደወልኩ። ኔትወርክ ነው አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ልክ ሥሩ ጋ ስንደርስ?»

ምን እላለሁ? እኔም ብሆን አላምንም። በዚህ አገር ደመወዝ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው፣ ሰው ቀጠሮ ሲያጠፋ ኔትወርክ ነው። ድንቹን አልተረከበም። አይሱዙው ወደ ባ/ዳር ገበያ ሄደ፣ በተገኘው ዋጋ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ዕድል ሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ አይኖርም።

ኅዳር 14፣ እሑድ።

ፓስወርዱን ቀየርኩ። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ታደለ ተቆጣ። ሰዎቹ አንድ ጊዜ ከቀመሱ በኋላ መከልከል ስድብ ነው ይላል። ከጫግኒ የመጣ ደላላ ማሳ ለማሳ እየዞረ መሆኑንም ነገረኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ብከለክል ድንቹን አጣለሁ፤ ብፈቅድ ገዢውን።

አያ ገረመው ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው። ደቦ ወጥተሽ ታውቂያለሽ አሉኝ።

«ነጋዴ ነኝ፣ አያ፤ የት አውቄ?»

«አየሽ፣ ድግሱ ገና በጧቱ ቢዘረጋ ማን ያጭዳል? ሥራው ሲያልቅ ነው የሚዘረጋው። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አይከለከልም። መንገደኛም ቢሆን ይበላል።»

ይኸው ነው። የመላውን ቁልፍ ሰጡኝ። አይሱዙው እስኪዘጋ ማንም ዋይፋዩ ውስጥ አይገባም፤ ሲዘጋ ለሁሉም ይከፈታል። ለሰዎቹም ራሳቸው ሊነግሩልኝ ቃል ገቡ። እኔ ብናገር ስስት ይመስላል፤ እሳቸው ሲናገሩት ወግ ነው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ።

ሌላ ሙከራ። ሞተር አጥፍተን ራውተሩን ስናሠራ ዋልን፤ ማታ መኪናው አልነሣ አለ። አሮጌ ባትሪ። የሸለቆው ሰዎች ገፍተው አስነሡልን። አንዱ ገፊ ከኋላ፣ ዋይፋዩን ትተሽ ፈረስ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር ይለኛል። ትምህርት፦ ሞተር አይጠፋም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ ማታ።

ስልክ ያወጣ ሰው አልነበረም። ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ። ዳንኤል ይላል፣ እኔ እገለብጣለሁ። ከሥር፣ ከመሀል፣ ከጥግ። ንጹሕ። ድምፁ እየለዘበ መጣ።

ከዚያ የአያ ገረመው ክምር ተራ ደረሰ። ስልኩ ገና ሳይደርስ ዓይኔ ቀደመ። ከሥር አረንጓዴ አለ። ብዙ አይደለም፤ ከረድፉ ዳር አፈር በደንብ ሳይሸፍነው ፀሐይ ያገኘው ነው። ግን አለ። ያለፈውም ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፒክአፑ በር አጠገብ ነኝ። የቻርጀሩ ገመድ ከእጄ ስንዝር አይርቅም። ብነቅለው ምስሉ ይደርቃል። ግን ሁለተኛ ጊዜ ማን ያምነኛል? በሌላ በኩል ደግሞ እሳቸውን ካሳፈርኩ ይህን ሁሉ ሰው ማን ይይዝልኛል? አያ ገረመው ዓይኔን አይተውታል። ጠጋ አሉኝና በሹክሹክታ፦ «ዛሬ ኔትወርኩ አይጠፋም?»

«አይጠፋም፣ አያ።»

ስልኩን አዞርኩት። ዳንኤል ምን እንደሆነ ጠየቀ። አረንጓዴ ነው፣ ይህ ክምር አይጫንም፣ ባለፈውም እንዲህ ያለው ነው አምልጦኝ የመጣብህ አልኩት። ጫኞቹ ሳይቀሩ ቆሙ። ከዚያ ዳንኤል፦ «እሺ፣ እትዬ ዘሀራ። የቀረውን ማየት አያስፈልገኝም። ይጫን።»

አይሱዙው ተዘጋ። ዋይፋዩን ከፈትኩ። ሰው እንደ ንብ ሰፈረ፤ የሚስቅ፣ ለልጁ የሚደውል፣ በአዊኛ ከስልኩ ጋር የሚጣላ። አያ ገረመው ግን የሉም። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ደጃቸው ሄጄ ስሰናበት አልመለሱልኝም።

ገዢውን አተረፍኩ። ሸለቆውን ማትረፌን አላውቅም።

ኅዳር 21፣ እሑድ። ዳንግላ።

ማርያም ናት፤ የሚሠራ የለም። ጧት ታደለ ደወለ። ትናንት ማታ የጫግኒው ደላላ አያ ገረመው ቤት ታይቷል። ሳይለይ ሁሉንም እወስዳለሁ ብሏቸዋል አሉ። ሻዬን ጨርሼ አሰብኩ። ዋጋ መጨመር መፍትሔ አይደለም። የሳቸው ቁስል ዋጋ አይደለም። በሰው ፊት በኔ እጅ መታየታቸው ነው።

ከሰዓት።

ስጽፍ ስልኩ ጮኸ። አያ ገረመው ናቸው። ያለከልካሉ። ለመደወል ኮረብታው አናት ላይ ወጥተው ነው፤ ዕድሜያቸውንም ጉልበታቸውንም አልቆጠሩትም። የኔን ዋይፋይ መለመን አልፈለጉም። ሰላምታ የለም። ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ክምሩን አንድ በአንድ እንደለዩ ነገሩኝ። አረንጓዴው ለብቻ ነው። ደላላውንም መልሰውታል፤ ድንቹን ሳያይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በትክክል ይከፍላል ብዬ አላምንም አሉ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ፦

«አሁንስ አንቺ መጥተሽ ደግመሽ በሰው ፊት ልታሳዪኝ ነው? እንደ ሌባ ከሥሬ እየገለበጥሽ?»

«አይደለም። የሚያሳዩት እርስዎ ነዎት። ስልኩን የሚይዙት እርስዎ፣ የሁሉንም ክምር የሚገለብጡትም እርስዎ። እኔ መኪናው ውስጥ እቀመጣለሁ።»

ገዢው ከሳቸው ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር እኔን ዘልሎ ሊገዛ እንደሚችል አውቃለሁ። አስቤበታለሁ። አይሱዙውን የምከራየው እኔ ነኝ፣ ከሸለቆው የሚያወጣው ኔትወርክም የኔ ነው። ይድፈር።

«አያያዙን አላውቅበትም» አሉ በመጨረሻ።

«ማክሰኞ መጥቼ አስለምድዎታለሁ።»

«እኔ ማሳይ ከሆነ ከየት ልጀምር?»

«ከተበላሸው።»

ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት ዛሬ ገና ነው። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ የእውነት ኔትወርክ ነው።

ወስኛለሁ። ማክሰኞ አዲስ ባትሪ፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ ለሳቸውም የስልክ መያዣ ይዤ እወርዳለሁ።