«ተመዝግበዋል» ላለን አረንጓዴ ሳጥን ባለቤት

ለተከበሩ ኢንጂነር ኤልፒዲዮ ሳልባንቴ
የሳንታ ሩፊና ማዘጋጃ ቤት የዲጂታል አገልግሎት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ እንደዛሬው ጥርት ብሎ እስከ እርጅናዎ እንዲያገለግልዎ ከልቤ እጸልያለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። እርስዎ ባሠሩት ገጽ ላይ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ ለማንበብ እጅግ ፈጣን ዓይን እንደሚያስፈልግ ስለማውቅ ነው።

ስሜ ሎርናሊን ዳኩታን ይባላል፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በካንሉባይ ቀበሌ፣ ካሳደገችኝ ከአክስቴ ከፔሌግሪና ጋር እኖራለሁ። አክስቴ ሰሌን ሠሪ ናት። ዓይኗን የዓይን ሞራ እየሸፈነው ሲመጣ ከጎኗ ሆኖ ቀለሙን የሚለይላት ሰው ስላስፈለጋት ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ፤ ስለዚህ በአጻጻፌ ስሕተት ቢያገኙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ወረቀት ግን እስክጨርስ ስለሚታገሠኝ፣ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ወደ ቢሮዎ ልኬ፣ ሌላውን በቀበሌያችን የጸሎት ቤት በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ የዓይን ሐኪሞቹ መርከብ ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ድሮ መርከቡ ሊመጣ ሲል የቀበሌው ጸሐፊ በየቤቱ ደብተር ይዞ እየዞረ የሽማግሌዎቹን ስም ይጽፍ፣ አውራ ጣታቸውንም ቀለም ውስጥ እየነከረ ያስፈርም ነበር። እርስዎ ግን ይህ ኋላቀርነት ነው ብለው ደብተሩን አስቀሩልንና በስልክ የሚሞላ ቅጽ ሰጡን፤ ስለዚህ ታላቅ ውለታም በቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣሪያ ስር በተሰቀለው ሸራ ላይ የእርስዎ ፎቶ ከመርከቡ ፎቶ ገዝፎ እንዲታተም መደረጉ የሚገባ ነው።

በካንሉባይ ቅጹን የሚከፍት ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ነፋሱ እንደፈቀደ ይመጣል፣ ይሄዳል። አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የፕላስቲክ ወንበራቸውን ተሸክመው መጥተው ተሰለፉ። ጎረቤታችን ቲዮ ክሪሳንቶ ተራቸው ሲደርስ፦ «ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ዕድሜዬን ስልሳ ብለሽ ጻፊ፤ ሐኪሟ ሴት ናት ይባላል» አሉኝ። መታወቂያቸው ሰባ ሦስት እንደሚል ብነግራቸው፣ «መታወቂያው ድሮም አይወደኝም» አሉ። ሚስታቸው ቲያ ኔሜሲያ ከኋላ ሆነው፦ «ተመዝገብ፣ ተመዝገብ! ዓይንህ ሲከፈት መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው፤ ያኔ ሞራዬን መልሱልኝ እያልክ ታለቅሳለህ» ሲሏቸው መቆሚያው በሳቅ ተናወጠ።

የእያንዳንዱን ቅጽ ሞልቼ «ላክ» የሚለውን ስጫን፣ ከስልኩ አናት ላይ አረንጓዴ ሳጥን ብቅ ይላል፤ «ተመዝግበዋል! እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ አለበት። እኔም ጮክ ብዬ «ተመዝግበዋል!» እላለሁ፤ ሰዎቹም ያጨበጭባሉ። አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ አልኩ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከፍ ያደረግኩትም የእርስዎን ቃል ለማድረስ ነበር።

ቅሬታዬን ለንባብ እንዲመችዎ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሳጥኑ የሚቆየው ሦስት ሰከንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ። የዓይን ሞራ ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ቅጽ መልሱን በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዲያነቡት መወሰኑ፣ ክቡርነትዎ በካንሉባይ ሽማግሌዎች ላይ ያለዎት እምነት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያሳያል። አክስቴ የራሷ ተራ ሲደርስ «እስቲ አሳዪኝ» ብላ ስልኩን ተቀብላ አፍንጫዋ ድረስ ስታስጠጋው ሳጥኑ ጠፍቷል።

«የታለ?»

«ሄደ፣ አክስቴ።»

«ምን ዓይነት እንግዳ ነው፣ ሳይቀመጥ የሚሄደው?» አለችና ሳቀች። ቀጥላም፦ «ግድ የለም፤ አንቺ ካየሽው እኔ አይቼዋለሁ ማለት ነው» አለችኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገሯን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቧት። የእርስዎ ሳጥን የተረከበው ይህችን እምነቷን ነው።

ሁለተኛ፤ ሳጥኑ ከሄደ በኋላ የሚተወው አንዳች ምልክት የለም። ቁጥር የለው፣ ወረቀት የለው፣ በስልክ የሚከተል መልእክት የለው፤ ገጹ ማንም ያልነካው ይመስል ባዶ ቅጽ ሆኖ ይመለሳል። ከዋናው ወደብ ሩዝና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው አሮጌ ጀልባ እንኳ ከመነሳቱ በፊት የእያንዳንዳችንን ስም በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ ብንሰምጥ ማን እንደሰመጠ እንዲታወቅ ነው። የእርስዎ ቢሮ ከዚህ ጭንቀት ነፃ መሆኑ ያስቀናል።

ሦስተኛውን እንደሆነው በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መርከቡ መጣ። አክስቴ ለበዓል የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለሐኪሟ የምትሰጠውን ትንሽ ሰሌን ጠቅልላ ይዛ፣ ገና ሳይነጋ ተነስተን በጀልባ ወደ ዋናው ወደብ ተሻገርን። ስሞቹ በቅርጫት ኳስ ሜዳው አጥር ላይ ተለጥፈው ነበር። ከአሥራ አንዱ የካንሉባይ ሰዎች የሦስቱ ስም አለ፤ የስምንቱ የለም። የአክስቴ የለም፤ የቲዮ ክሪሳንቶም የለም። ጣቴን እያስኬድኩ አራት ጊዜ አነበብኩት። ለሦስቱም ለስምንቱም የወጣው ሳጥን አንድ ነበር፤ ቀለሙም፣ ቃሉም፣ የምስጋናው ትሕትናም ያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት የቢሮዎ ሠራተኛ ማም ዞራይዳ፣ ድምፄ ስላልተሰማቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ፎቶ አንስተሽዋል ወይ፣ ኢንዳይ?»

«አላነሳሁም፣ ማም። ቶሎ ጠፋ።»

«ታዲያ በምን ልመንሽ?»

«አረንጓዴ ነበር፣ ማም።»

ማም ዞራይዳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሳቁና እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ «እሱማ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው! ስትጫኚው በራሱ ነው የሚወጣው። መድረሱን አያውቅም። ሰው እንዳይጨነቅ ተብሎ ነው የተደረገው።» ከዚያም ከኋላዬ ወዳለው ሰልፍ በከንፈራቸው ጠቆም አድርገው «ቀጣይ!» አሉ።

ሰው እንዳይጨነቅ። ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ አሳቢነትዎ በስምንቱም ሰዎች ስም አመሰግናለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንዳቸውም አልተጨነቁም። ተጨንቀው ቢሆን ኖሮ ተመልሰን እንጠይቅ ነበር፤ ጊዜም ነበረን።

ሐኪሟ ግን አክስቴን ከሰልፉ ዳር ቆማ ስታያት ዝም ብላ አላለፈችም፤ በትንሽ መብራት ዓይኗን አየችላት። «ቀኙ ለቀዶ ሕክምና ደርሷል፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው» አለች። በሞራው ቦታ የሚተካው ሌንስ ግን የሚመጣው በስም ዝርዝሩ ልክ ተቆጥሮ ስለሆነ ትርፍ እንደሌላት፣ መርከቡ ለገና አንድ ወር ሲቀረው ጎረቤታችን ማባይ ደሴት ላይ እንደሚቆም፣ ከዚያ ከዘገየ ግን ሞራው እየጠጠረ ሥራው አስቸጋሪ እንደሚሆን ነገረችን። አክስቴ አመስግና ሰሌኑን ሰጠቻት። ሐኪሟን ባዶ እጇን መሸኘት ነውር ነው ብላ።

 ስንመለስ ጀልባው ላይ ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳዞረች ጠየቀችኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ እውነት አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ፣ አክስቴ።»

«ደክሞሽ ይሆናል። አሥራ አንድ ሰው ነው። ለሌላ ሰው የወጣውን ለኔ መስሎሽ ይሆናል።»

 ክቡርነትዎ ያንን ጥያቄ በእኔ ቦታ ሆነው ቢመልሱት ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳጥኑ የእርስዎ ነውና።

ሰፈር ስንደርስ እንደ ልማዳችን ለምርቃት የቲዮ ክሪሳንቶን እጅ ግንባሬን ላስነካ ጠጋ ስል፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አራተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን የምርምር ውጤት ነው። በማግሥቱ ከቲያ ኔሜሲያ ጋር ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠን የስልኬን ዳታ አጠፋሁ። ኔትወርክ ቢኖር እንኳ ምንም ነገር ከስልኩ እንዳይወጣ ማለት ነው። ከዚያ ከፍቼ ባቆየሁት ቅጽ ላይ የቲዮ ክሪሳንቶን አውራ ዶሮ ሞላሁት። ስም፣ ዲናሚታ። ዕድሜ፣ አራት። ሥራ፣ ተፋላሚ። የዓይን ችግር፣ ባለፈው ፋሲካ ግጥሚያ ግራ ዓይኑን አጥቷል። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።

«ተመዝግበዋል! እናመሰግናለን።»

ቲያ ኔሜሲያ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፦ «ክሪሳንቶ! ና ውጣ! ዶሮህ ተመዘገበ! አንተ ቀረህ እንጂ ዶሮህ ተመዝግቧል!» ብለው ሰፈሩን ሰበሰቡት። ስድስት ጊዜ ደግሜ አሳየኋቸው፤ ስድስቱንም ጊዜ ሳጥንዎ በአክብሮት አመሰገነ። ቲዮ ክሪሳንቶ ስልኩ ላይ ካፈጠጡ በኋላ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግንባሬን አስነካሁ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ይህን ሁሉ ገጽ ባላስነበብኩዎት ነበር። አክስቴም በር ላይ ቆማ ሳቁን ሁሉ ሰምታለች። ማታ እራት ላይ ዓሣውን እሾኹን እያወጣሁ ሳቀርብላት፦ «አይተሻል፣ ልጄ። በከንቱ ጠረጠርኩሽ» አለች። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ቀጠለች፦ «ያየሽው ግን ውሸት ነበር። ከእንግዲህ አየሁ የምትይኝን በምን ልለየው?»

አሁን ለማባይ ምዝገባ ተከፍቷል፤ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቅጽ፣ በዚያው አረንጓዴ። የሚዘጋው በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ነው። አክስቴ አልመዘገብም ብላለች። ሙዪልኝ ብላ እንደምትለምነኝ እየጠበቅኩ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ስልኩን ሳወጣ ተነስታ ትሄዳለች። «ሁለተኛ ቀሚሴን ለብሼ አጥር ስር አልቆምም» ነው የምትለው። በእኔ ቃል ሄዳ ነበር፤ ቃሌን ደግሞ እርስዎ ጨረሱብኝ። ሌላ ቃል የለኝም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥኑን ያስተካክሉት አልልም፤ እሱ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ያቆመች ልጅ ሊቅን ልታርም አይገባትም። የምለምነው፣ ከዓርብ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ፣ በእጅዎ ጽሕፈት፣ «ፔሌግሪና ዳኩታን በማባይ ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ስሟን በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብለው ጽፈው እንዲፈርሙላት ነው። የሌሎቹን የሰባቱንም ስም ቢጨምሩበት ወረቀቱ ይበቃል። የእርስዎን ቃል እኔ ሳልሆን ወረቀቱ እንዲያደርስላት እፈልጋለሁ፤ አክስቴ ፊርማን በጣቷ ዳስሳ ታውቃለች።

ለዘመናዊ አገልግሎትዎ፣ ለትሕትናዎ፣ እንዳንጨነቅ ላደረጉልን ድካም ሁሉ ውለታዎን መመለስ የማይቻላት፣ ስሟ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ባይገኝም በእርስዎ ዘንድ አሥራ አንድ ጊዜ የተመሰገነች፣

ታናሽ አክባሪዎ
ሎርናሊን ዳኩታን
ካንሉባይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለአክስቴ አነበብኩላት። ስለ እርስዎ ከጻፍኩት ሁለት ኃይለኛ ቃላት አስጠፋችኝ፤ ጨዋነት ያገኙበት ቦታ ሁሉ የእሷ ነው። በመጨረሻ «ኢንጂነሩ እስክሪብቶ ይኖራቸው ይሆን?» አለች። በስልክ ስለሚሠሩ እንደማላውቅ ነገርኳት። ተነስታ ከዕቃዋ መሐል ዳብሳ፣ በሰሌን ላይ አበባ የምትነድፍበትን እስክሪብቶ አወጣችልኝ። መስመሩ ስለማይታያት ከእንግዲህ እንደማያስፈልጋት ተናግራ፣ ለእርስዎ ይሁንልዎት ብላለች። ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ ቀለም አለው፣ ሞክሬዋለሁ።