ስልክ ያነበበው መርዶ

«ዘመዶች፣ ታያኬ አሳናሊ ዛሬ ኦሽ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል። ማረፊያውን ጀነት ያድርግለት። ማን ማን ይሄዳል? እዚሁ ላይ ጻፉ።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፣ ሚርላን። ኦክቶበር 12 ከቀኑ አስር ሰዓት ከአስር ላይ፣ መላው ቤተሰብ በስልክ መልእክት በሚለዋወጥበት ቦታ ላይ ጻፍከው፤ ከሥሩም የተጋጠሙ እጆች ምስል አደረግህበት። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ለመሆኑ እንዴት ነህ ወንድሜ? ወገብህ ተሻለህ? የካዛን ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? ጉልባርቺንና ልጆቹ ደህና ናቸው? ሰላምታ ሳላቀርብ በቁጣ መጀመሬ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር እምቢ አለኝ። እኛ ደህና ነን። በጎቹ ከተራራ ወርደዋል፣ ድርቆሹም ዝናብ ሳያገኘው ገብቷል። እናታችንን አፓን ግን ደህና ናት ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

የዚያን ቀን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ። የአጎታችን የታያኬ አሳናሊ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሎ አረዳኝ፤ «ለእህቱ እንዴት እንደሚነገራት እናንተ ታውቁበታላችሁ» አለኝ። ወዲያው ሽማግሌውን ቶክቶሱን አክሳካልንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ። ቶክቶሱን ታመው ተኝተው ነበር፤ ተነሥተው ቆባቸውን አጠለቁ። ከድልድዩ እስከ ቤታችን በመኪና ላድርሳችሁ ብላቸው ተቆጡኝ። «በእግራችን እንሄዳለን። እኛ እስክንደርስ ድረስ ለእሷ ወንድሟ በሕይወት አለ» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት አፓ ከጎረቤታችን ከሳይራካን ጋር ተቀምጣ ሱፍ ታፍታታ ነበር። አሳናሊ በልጅነቱ ጥጃ ጋልቦ ወንዝ ውስጥ የገባበትን ቀን እያወራች ሁለቱም ይስቁ ነበር አሉ። ዓይኗ ስለደከመ መልእክት እያነበበ እንዲያሰማት የላክህላት ስልክ መስኮቱ ላይ ነው። ነገ በረዶ ይጥላል፣ አይጥልም እያለ በሚነግራት በዚያው ድምፅ፣ ወንድሟ መሞቱን ነገራት። «እዚሁ ላይ ጻፉ» የሚለውን እንኳ አልዘለለም። ምስሉንም «የተጋጠሙ እጆች» ብሎ አነበበው።

አፓ ወደ መስኮቱ ዞራ «ምን አልክ?» አለችው። የመለሰላት የአክስታችን ልጅ መልእክት ነው፦ «እኔ አልችልም፣ ፈተና አለብኝ።»

እኛ አጥር በሩ ጋ የደረስነው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ገና ከውጭ ማልቀስ ሲጀምሩ አፓ ወጣች። ዓይኗ ደረቅ ነው። «ተመለሱ፣ ነግሮኛል» አለቻቸው። የሚደግፋት ክንድ፣ ፊቷን የሚያስታጥባት ሰው ሳይኖር ሰምታ ጨርሳለች። ቶክቶሱን ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሙና «ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ መርዶዬን ይዤ ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀሰችም። ሙሾዋን ሸለቆው ሁሉ የሚያውቅላት ሴት በቀብሩ ቀን ድንኳን ውስጥ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ ዋለች። ሴቶቹ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ቢሏት «ማን ነገረኝና?» አለቻቸው። እህል የምትቀምሰውም ሳይራካን ተቆጥታት ነው።

በስልክ ስወቅስህ ምን አልከኝ? «ባይኬ፣ ታላቄ፣ ዘመኑ ነው፤ ቶሎ መድረሱ አይሻልም?» ለማን ነው የሚሻለው? በራስህ አንደበት አነጋግራት ስልህ ደግሞ ምን እንደምትላት ጠፋህ። በሦስተኛው ቀን ረዥም የሐዘን ቃል ላክህ። ማሽን እንደጻፈልህ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ «በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ከጎንሽ ነኝ» ይላል፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀህ! ፈረስ መጋለብ ያስተማረህን ሰው ስም አንዴም አልጠራም። ስልኩ አንብቦ ሲጨርስ አፓ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አርባ አንድ ዓመትህ ነው ሚርላን። ለእናትህ የምትናገረውን ቃል ከዕቃ ትለምናለህ?

የእኔን ጥፋት አልደብቅህም። ስልኩ ሁሉን እንዲያነብላት ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ በየማታው ቁጭ ብዬ ማንበብ ሰልችቶኝ ነበር። ይህንን ለእሷ በአፌ ነግሬያታለሁ። ያንተን ግን እኔ ልናገርልህ አልችልም።

ጉልባርቺንን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሻል ደርሶ አፓ ለብሳዋለች። አይዳይንና ኤርቦልን ሳምልኝ፤ ጥጃ የጋለበውን ሰው ታሪክም አንተው ንገራቸው። ሳይራካን ሰላም ብላሃለች። ቶክቶሱን አክሳካልን ምን ልበልልዎ ብላቸው ቆባቸውን አጥልቀው ወጡ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሹፌሩ ባክት ነው። የታያኬ አርባ ኖቬምበር 20 ይወጣል። የአሳናሊን መሞት፣ ስለ እሱም አንተ ብቻ የምታውቀውን፣ ለአፓ በገዛ እጅህ በወረቀት ላይ ጻፍላት። በዚያ ቀን ስልኩን ዘግቼ ሽማግሌዎቹን እሰበስባለሁ፤ ከድልድዩ ጀምረን በእግራችን ሄደን ከጎኗ ተቀምጠን እናነብላታለን። ባክት ከካዛን የሚነሣው ኖቬምበር 14 ጠዋት ነው። ወረቀቱን ከዚያ በፊት በእጁ ስጠው።

ወንድምህ ኤሰንጉል
ካራታሽ፣ ናሪን
ኦክቶበር 24