የልጄ የምርመራ ውጤት በአባቷ ፊርማ ስለመታገዱ

ለሆስፒታሉ የዘረመል ምክር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ እገዳው ከተጣለብን በኋላ በሦስተኛው ሰኞ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ሳይፈርም ልጄ ውጤቷን እንድትሰማ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፦

እኔ አመልካች በሙያዬ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። በምክር ክፍላችሁ ውስጥ ባሌን በጀሶ ጡት የመታሁትም እኔው ነኝ። የጥበቃዎቹ ሪፖርት «ያለ ምንም ምክንያት» ስለሚል፣ የጎደለውን ለማሟላት ያህል እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. ታላቋ ልጄ በጡት ካንሰር ታመመች። አባቷ የመኪና መካኒክ ነው፤ ብልሽት ከየት እንደመጣ ኮፈኑን ሳይከፍት መናገር ይወዳል። «የጡት በሽታ ከእናት እንጂ ከየት ይመጣል? ዘርሽ ነው!» ብሎ በዚያው ቀን ክንዴን ሰበረው። በመድኃኒቱ የልጅቷ ጸጉር ሲረግፍ ደግሞ እኔን አስቀምጦ በቆርቆሮ መቀስ ላጨኝ፤ «ያመጣሽውን አብረሽ ቅመሺው» እያለ። ጠባሳው አናቴ ላይ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁሉ ክፍት ነው።

2. ከሁሉ የከፋው እኔም ማመኔ ነው። ሳላነበው የምጠርዘው መጽሐፍ የለም፤ የነገሥታትን የዘር ሐረግ እስከ አዳም ድረስ እቆጥርልዎታለሁ። አባትም ይህን በሽታ ለልጁ ሊያወርስ እንደሚችል የሚናገር ገጽ ግን በእጄ አላለፈም። ስለዚህ ልጄ ልትሞት ስትል አልጋዋ ሥር ተደፍቼ «ይቅር በይኝ፣ ከእኔ ነው የወሰድሽው» አልኳት። «ተነሺ እማዬ፣ ወለሉ ይበርድሻል» አለችኝ።

3. ከመሞቷ በፊት ደሟ ውስጥ የተበላሸ ዘረመል ተገኝቶ ስለነበር፣ አማካሪያችሁ እኔን፣ ባሌንና ታናሺቱን ልጃችንን አስመርምራ ጠራችን። ሰሌዳው ላይ የቤተሰባችንን ሐረግ፣ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን አድርጋ ሣለች። «በሆድ ሕመም ሞቱ» ሲባሉ የኖሩትን የባሌን ሁለት እህቶች ጠይቃ ጠይቃ፣ ይኸው ዘረመል የሴት እንቁላል ዕጢ ካንሰርም ያመጣል ብላ፣ እንደ ልጄ ሁሉ ክባቸውን በሕመምተኛ ምልክት አጠቆረችው። ከዚያ ማርከሯን የባሌ አራት ማዕዘን ላይ አሳርፋ «የመጣው በአባት በኩል ነው፤ እናት የለባትም። ይህ ግን የማንም ጥፋት አይደለም» አለች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ አልሰማሁትም፤ በኋላ የነገረችኝ ታናሿ ናት።

ባሌ ሳቀ። «ወንድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጡት ያበቀለው?» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ «ስንት አጉርሰሻት ነው?» እያለ እጁን አነሳ። የእሱ እጅ ልማዱ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ነበር፤ ለማስተማሪያ የተቀመጠውን የጀሶ ጡት አንስቼ አፉን አልኩት። ወደቀ። ደገምኩት። ሁለት ጥርሱ ወለቀ፣ ሞዴሉም ተሰነጠቀ። ስለ ሞዴሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

4. የታናሿ ውጤት ገና ሳይነገር ጥበቃዎች ገቡ፤ ቤተሰቡም በሙሉ ከግቢው ታገደ። እገዳው የሚነሳው «ተጎጂው» ይቅር ማለቱን በፊርማው ሲያረጋግጥ ነው ተባልኩ። ተጎጂው እሱ መሆኑ ነው። እሱም ወንድሙ ቤት ሆኖ «በዘመድ ፊት ‹በሽታው የመጣው ከእኔ ነው› ትበልና እፈርማለሁ» ሲል ልኮብኛል።

5. ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ፊት አትቆምም። ስትታጠብ የውሃው ድምፅ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ጡቶቿን እየዳበሰች እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ቢላዋውን አቆመችና «እማዬ፣ ቆርጬ ብጥላቸው አይገላግለኝም?» አለችኝ። አሁን በቤታችን ቢላዋ የለም፤ ዳቦውም የሚቆረሰው በእጅ ነው። ውጤቱ ክፉ ከሆነ እንኳ ምን እንደሚደረግ የሚነግራት ሰው አለ፤ ያለው ግን እናንተ ግቢ ውስጥ ነው።

ስለሆነም የመታሁት እኔ፣ የተመታውም እሱ ሆነን ሳለ፣ በማንም ላይ እጇን ያላነሳችው ልጄ ብቻዋን ገብታ ውጤቷን እንድትሰማ ይፈቀድላት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ።

«ያለ ፊርማ አይሆንም» የሚባል ከሆነ፣ እሱ የፈለገውን ውሸት በዘመድ ፊት እናገራለሁ። አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ለሁለተኛዋ ስሜን ባጎድፍ አይቆጨኝም። ነገር ግን ልጄ ውጤቷን ሰምታ በወጣችበት ቀን እነዚያኑ ዘመዶች መልሼ ሰብስቤ፣ የዋሸሁትን ፊቱ ላይ እንደማፈርሰው ከወዲሁ አሳውቃለሁ። እጁን ካነሳ እኔም አነሳለሁ። ይህም የሚሆነው በገዛ ቤቴ ስለሆነ፣ መሥሪያ ቤትዎን ሌላ ሪፖርት አያስጽፈውም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የታናሿ እናት