አዱሊስ፣ አንድ ፎቅ ከእኛ በላይ

ዴን ሃግ፣ ሐሙስ መጋቢት 12

ዛሬ እፎይ አልኩ። ልጄ ሐና ክፍሏ ፊት ቆማ ስለ አዱሊስ ስፕሬክበርቷን፣ እዚህ ተማሪ ሁሉ ተራ በተራ የሚያቀርበውን ገለጻ፣ አቀረበች።

አብረን ስናዘጋጅ "ጥንታዊ ወደባችን" ብዬ አጽፌያት ነበር። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ኤርትራዊቷ ጎረቤታችን እማማ ሳዕዲያ "የልጅ ልጄ እዚያው ክፍል አይደል? እኔም መጥቼ እሰማታለሁ" ሲሉኝ ክው አልኩ። አዱሊስ ያለችው እሳቸው አገር ነው። ሐና ደግሞ ወረቀቷን ይዛ ሄዳለች።

ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ። ሐና የዝሆን ጥርስ ጭነው ስለሚወጡት መርከቦች ተናገረች። ከዚያ ደለል ወደቡን ሲሞላው ነጋዴው ሁሉ ጥሎ እንደሄደ። "ወደባችን" የሚለውን ስጠብቅ "የጎረቤቴ ከተማ ናት" አለች። "እማማ ሳዕዲያ ልጅ ሆነው ፍርስራሹ ውስጥ ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር።"

ለካ ትናንት ብቻዋን ላይ ፎቅ ወጥታ እማማ ሳዕዲያን ጠይቃ፣ የእኔን ቃል ሰርዛዋለች።

ስንወጣ እማማ ሳዕዲያን አመሰገንኳቸው። ስድስት ዓመት ከላያችን ኖረዋል፤ ስለ አገራቸው አንድ ቀን እንኳ አንስቼላቸው አላውቅም። ሳቅ አሉ።

"አንተም እኮ መጠየቅ ትችል ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። "አንድ ፎቅ ነው።"