ከመዝሙሩ የወጡት ሁለት ስንኞች፤ የጋሽ መቀስ የሕይወት ታሪክ

አብዛኞቻችሁ ጋሽ መቀስ እያላችሁ የምትጠሯቸው አጎቴ፣ አናጺ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት ረድፍ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ሲሆኑ የመጨረሻዋ እናቴ ናት። የቤቶቹ ግድግዳ ስስ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የሚባለው ከእነሱ ክፍል ነበር።

እናታቸው ልብስ ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሩት አንድ አሮጌ መዝሙር ነበረ። ማን እንደ ደረሰው የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ የእኔ ነው ከሚሉት ቤተ እምነቶች ሁሉ በፊት የነበረ መሆኑን ግን ሁሉም ያምናል። አጎቴ ፊደል ሳይቆጥሩ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያዙት። ዜማውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልያዙትም። ድምፃቸው ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ይመስል ነበር። ከጎናቸው ቆሞ የዘመረ ሁሉ ይመሰክራል።

ቀን ከአባታቸው ጋር እንጨት እየላጉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማታ አጠናቀቁ። በ1957 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም። በአንዲት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ፊታቸው ዘርግተው የሌላውን ሰው ስሕተት በቀይ እርሳስ ሲያድኑ ይውሉ ነበር። ከሚያርሙት የሚሰርዙት ስለሚበዛ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የኅትመት ፊደል የሚደረድሩት ፊደል ለቃሚዎች ናቸው። ስሙ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውንም ስም አሸነፈ።

በ1963 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። እርሳቸው የዚህ አሁን የተቀመጣችሁበት የጸሎት አዳራሽ አባል ነበሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከመንገዱ በላይኛው ጫፍ ያለው የጡቡ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። ሁለቱም ወገን አኮረፈ። ሙሽሮቹ አንዳቸው ሌላውን ወደ እኔ ና ላይሉ ተስማምተው ጨረሱት። እሑድ እሑድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጫማ ሰፊው ጥግ ድረስ ይሄዱና እሳቸው ወደ ታች፣ ባለቤታቸው ወደ ላይ ይለያዩ ነበር። ልጅ አልወለዱም።

በ1966 ዓ.ም. አዳራሹ የመዝሙር መጽሐፉን ሲያሻሽል አጎቴን የኮሚቴው ሰብሳቢ አደረጋቸው። ሥራው አሮጌ መዝሙሮችን ከአዳራሹ እምነት ጋር ማስማማት ነበር፤ እርሳቸውም ተክነውበት ነበር። ዜማው እንዳይሰበር ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመቱ የስንኙን ቀለም ይቆጥራሉ፤ «በቅዱሳን ጸሎት» የሚለውን ያነሱና በቦታው «በጌታዬ ጸጋ» የሚለውን ያስገባሉ። ዘማሪው ምንም ሳይደናቀፍ እምነቱ ተለውጦ ያልፋል። የእናታቸው መዝሙር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ግን የሚተካ ቃል አልተገኘም። መጨረሻው እንዲህ ነበር፦

ቀድሞኝ የሄደውን፣ ጌታ ሆይ አስበው፤
በር ላይ ቆሞ እንደሆን፣ አንተው አስገባው።

አዳራሹ ለሞተ ሰው አይለምንም። ሁለቱ ስንኞች ወጡ። አጎቴም በመጽሐፉ መቅድም ላይ የሞተ ሰው ጉዳይ የተዘጋ መሆኑን፣ ልመና ለሕያዋን ብቻ መሆኑን ባጭሩ አስረዱ። ጽሑፋቸው ግልጽ ነው፤ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም።

የጡቡ ቤተ ክርስቲያንም እጁ ንጹሕ አይደለም። ለሞተው የሚለምኑትን ስንኞች አልነካም፤ መዝሙሩ ሲጀምር ያለውን «ብቻዬን መጣሁ» ግን «ከማኅበሩ ጋር» ብሎ ለውጦታል፤ በእነሱ ዘንድ ወደ እግዚአብሔር ብቻውን የሚመጣ የለምና። በድሮው ሲኒማ ቤት የሚሰበሰቡት ደግሞ አዝማቹን ብቻ ወስደው ላብ እስኪያጠምቃቸው ይደጋግሙታል፤ ጉልበት ይስጣቸው። እናም የእናታቸው መዝሙር ሙሉውን የሚዘመርበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ እሱም የአጎቴ ቤት ማድ ቤት ነው። ባለቤታቸው ሳሕን ሲያጥቡ የወጡት ስንኞች ላይ ሲደርሱ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አጎቴ ስንኞቹ ከመጽሐፉ መውጣታቸውን ቢያስታውሷቸው፣ «አንተ የቆረጥከውን እኔ ሰፍቼዋለሁ፤ ሥራዬ ነው» ይሏቸው ነበር። ይህ በየምሽቱ የሚደገም ቀልድ ነበር፤ ሁለቱንም አልሰለቻቸውም።

ባለቤታቸው በ1991 ዓ.ም. ባደረባቸው አጭር ሕመም አረፉ። የጡቡ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቱ ቀበራቸው፤ ስንኞቹም ተዘመሩ። አጎቴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው አፋቸውን ዘግተው ቆሙ።

በሚቀጥለው እሑድ በአዳራሹ ያው መዝሙር ተዘመረ። መጽሐፉ የሚያበቃበት ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ አጎቴ ቆመው ቀሩ። ጉልበታቸው የያዛቸው መስሏቸው ወንበር ያስጠጉላቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ሁለቱን ስንኞች እንዲመልስ ጠየቁ። ያን ጊዜ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ አጎቴ ራሳቸው እርማት ያስተማሯቸው ሰው ነበሩ፤ ዛሬም የአዳራሹ ጸሐፊ ናቸው። በአክብሮት መጽሐፉን ገልጠው መቅድሙን አነበቡላቸውና፣ «ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

አጎቴም፣ «ያን ጊዜ የሞተብኝ ሰው አልነበረም» አሉ።

ኮሚቴው አዘነላቸው፤ ግን አልመለሰም። እምነት በሐዘን አይለወጥም የሚለው መልስ ከእሳቸው ከራሳቸው ቢወጣ ኖሮም አይገርምም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የነበሩት እሑዶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው በጡቡ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ምሰሶ ሥር ይቆማሉ። «ከማኅበሩ ጋር» ሲባል ዝም ይላሉ፤ አብሯቸው የመጣ ሰው ስላልነበረ። ለሞተው የሚለመንበት ሲደርስ ግን በዚያ ድምፃቸው «አስባት» ብለው ይዘምራሉ፤ ከፊት ያሉት ዞር ብለው ያዩና ማን እንደሆነ ሲያውቁ ይመለሳሉ። ከዚያ ቁልቁል ወርደው አርፍደው ወደ አዳራሹ ይገባሉ። እዚህ «ብቻዬን መጣሁ» ማለት ይፈቀድላቸው ነበር። የላይኛው ቄስ ሰው ወዳድ ናቸውና ጠቅልለው እንዲመጡ ጠይቀዋቸዋል። አጎቴ ለሁለት ስንኝ ብለው በሌላው ነገር ሁሉ መዋሸት እንደማይሆንላቸው ነገሯቸው። አዳራሹ ከኮሚቴው አወጣቸው። ቀስ በቀስም ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው ቀነሰ፤ ከጡቡ ቤተ ክርስቲያንም የመጣ አልነበረም። ሁለቱም የሌላው ሰው አድርገው ቆጠሯቸው።

ዩኒቨርሲቲ ስማር እሳቸው ዘንድ ነበር የምኖረው። የባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ክዳኑ ተደፍቶበት ተቀምጧል፤ ራዲዮኑ ሳያዳምጡትም ይከፈታል፤ እራት ከተበላ በኋላ ሳሕን የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ፣ በዝምታ። ነገሩ ሲበዛብኝ ማተሚያ ቤት ያሉት ወዳጆቻቸው መዝሙሩን ሙሉውን በአንድ ከሰዓት አትመው እንደሚሰጧቸው ነገርኳቸው። ወረቀት አይዘምርም አሉኝ፤ የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛ ድምፅ ነበር። እንግዲያው እኔ ልዘምር ብዬ ስነሳ ደግሞ፣ «ለማታምኚበት ነገር አፍሽን አታበድሪ» ብለው ከለከሉኝ። ሰው መጽናናትን ሲያቀርቡለት ይህን ያህል መራጭ መሆኑ ያናድዳል።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ የልባቸው ሕመም ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። አጠገባቸው ባለው አልጋ እግራቸው የተሰበረ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝተው ነበር፤ ከሠርጋቸው በኋላ የየትኛውንም ቤተ እምነት ደጃፍ ረግጠው እንደማያውቁ በኩራት የሚናገሩ ሰው ናቸው። አጎቴ መዝሙሩን እያንጎራጎሩ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ እያጠራቸው ያቋርጡ ነበር። ሹፌሩ ታገሡ፣ ታገሡና፣ «አባባ፣ ወይ ይጨርሱት ወይ ይተዉት፤ መሐል መንገድ ላይ ሰው አይወርድም» አሏቸው።

አጎቴ የቀሩትን ቃላት ነገሯቸው። ሹፌሩ ወንድማቸው በዚያው ዓመት መሞቱን ተናገሩ። ከዚያ የምሳ ሳሕኖች እየተሰበሰቡ ሳለ፣ አንዳቸው ለሚስታቸው ሌላው ለወንድማቸው ሁለቱን ስንኞች አብረው ዘመሩ። የሹፌሩም ድምፅ ከአጎቴ የሚሻል አልነበረም። ነርሷ ሌሎች በሽተኞች እንዳሉ አስታወሰቻቸው። በኋላ ለእኔ የከለከሉትን ለእኚህ ሰው እንዴት እንደፈቀዱ ጠየቅኋቸው። የሞተበት ሰው ያለው አፉን አያበድርም፤ የራሱ ነው የሚዘምረው አሉኝ።

አጎቴ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ያረፉት በጡቡ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ነው፤ አጎቴ ሁለቱን መቃብሮች ከሚለየው ግንብ ወዲህ ባለው የአዳራሹ መሬት ያርፋሉ። አንዲት እህት፣ አንዲት የእህት ልጅ፣ ሁለቱ የማተሚያ ቤት ወዳጆቻቸውና ዛሬ በምርኩዝ የመጡት ሹፌር ቀርተዋቸዋል።

መቃብሩ ላይ አዳራሹ መዝሙሩን እንደ መጽሐፉ ይዘምራል። ሲጨርስ እኔና ሹፌሩ በሁለቱ ስንኞች እንቀጥላለን። እኔም አሁን የሞተብኝ ሰው አለ።

የአዳራሹ ጸሐፊ ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አይተው፣ ለቤተ ሰቡ መጽናናትን በመመኘት እንድጨርስ፣ ለሟች የሚለምነውን ዓረፍተ ነገር እንዳወጣ በትሕትና ጠይቀውኛል። ለምኞቱ አመሰግናለሁ። ጌታ የአጎቴን ነፍስ ይቀበል፤ ደጅ አያስቆማቸው፤ ባለቤታቸው ካሉበት ያድርሳቸው። ይህ ይውጣ የሚል ካለ፣ ማውጣት የሚችሉበትን ሰው ዛሬ እየቀበርን ነው።