የአሹራ ገንፎና የሬዲዮው ሰባኪ

ጥቅምት 28 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሐረር

ጌታ ይመስገን፣ የተከራየሁትን ቤት አልለቅም።

እሑድ ዕለት ያ ሁልጊዜ የማዳምጠው የውጭ አገር ሬዲዮ ሰባኪ «ለጅብ ገንፎ የሚያቀርብ ሰይጣንን ይመግባል» እያለ ሲጮህ፣ የኔ ሬዲዮ መስኮት ላይ ነበር። በየዓመቱ ለአሹራ በዓል ለጅቦች ገንፎ ማቅረብ ልማዱ የሆነው ግቢ ሁሉ ሰማ። ነገሩ ጀጎል ውስጥ ሲወራ ሰነበተ፤ ፈላና በር ከተባለው የግንቡ በር አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። አከራዬ አዴ ዘይነባም ሳምንቱን ሙሉ ዝም አሉኝ። «ውጣልኝ» እስኪሉኝ ስጠብቅ ፍራሼን ሳይቀር ጠቅልዬ ነበር።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«አዴ፣ ስለዚያ ሰባኪ በጣም አፍሬያለሁ» አልኩ።

«የቱ? ያ ጯሂው?» አሉ። «እኔ ሐሳቤ ሁሉ ጅቦቹ ላይ ነበር። የአሹራውን ገንፎ እምቢ ካሉ ዓመቱ ክፉ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ማታ ሙልጭ አድርገው በሉት። በል አንተም ብላ!»

በላሁ። ጣቴን ልሼ ፍራሼን መልሼ ዘረጋሁ።

ልጸልይ ስንበረከክ ግን ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ጌታ ሆይ፣ ጅቦቹ ስለበሉ ተመስገን» የሚል ነው። ያ ሰባኪ ይህን ቢሰማ…