እናትህ ጋ ያስቀመጥከው ቅጂ

ሰዒዴ፣

ተከፈተ! ሁሉም ነገር ተከፈተ። «እንደምን ሰነበትክ» ሳልልህ ወሬውን ያስቀደምኩት መቻል አቅቶኝ ነው፤ ታውቀኛለህ፣ ደስታ ሲይዘኝ አፌ ከእኔ ይቀድማል። አላህ ቀብርህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ዐረፋ ሲመጣ ድፍን ዓመት ይሆናል። ቤታችን ያው ነው፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀትም አንተ የለህም ብሎ አልቀዘቀዘም። የተለወጠ ነገር ቢኖር እኔ ነኝ። «ጣውንቴ» እያልኩ ስሰድባት የኖርኩት ኮምፒውተርህ ፊት ጠዋት ተቀምጬ ማታ የምነሳው ዛሬ እኔ ሆኛለሁ።

ትዝ ይልሃል አይደል? ሱቅ አምሽተህ ስትመጣ «ዛሬ ተራው የእሷ ነው?» እልህ ነበር። አንተም እየሳቅክ እሷ እንደ እኔ እንደማትቆጣ፣ ብትቆጣም አጥፍተህ እንደምታበራት ትነግረኝ ነበር። ይኸው ሄድክና ጣውንቴን አወረስከኝ። የሱቃችንን ፎቶ ኮፒ ድሮም አውቀዋለሁ፤ ጽሕፈቱን ግን በሁለት ጣት እየለቀምኩ ነው የጀመርኩት።

ደግነቱ አንተ አፍህን ዘግተህ መሥራት አይሆንልህም ነበር። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ መደብ ላይ አይወጣም እያልክ አስቀድመህ በቫይረስ ማጥፊያው ታስፈትሸው የለ፤ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ሰዉም ለምዶ ገና ከበር «እጠቢልኝ» እያለ ነው የሚያቀብለኝ። ከመንገዱ የሚገባውን አቧራ በየሳምንቱ ነቅዬ፣ ከፍቼ በብሩሽ እጠርግላታለሁ። ያንን በጥልፍ ያስጌጥኩትን ጨርቅም አንስቼላታለሁ፤ በዚህ ሙቀት እሷም መተንፈስ አለባት ስትል የተቆጣሁህን አሁን ሳስበው ያስቀኛል። አንድ ሰውዬ ደውሎ «ሽልማት ደርሶሻል፣ ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» ሲለኝ «ሽልማቱን ለእናትህ ስጣት» ብዬ ዘጋሁበት። ብትሰማኝ በሳቅ ትሞት ነበር። ይኸው፣ አፌ አሁንም ቀደመኝ።

አንድ ምክርህን ግን ሰምቼ አልሰማሁም። መብራት ሲሄድ ንቀዪ፣ ሲመጣም እስኪረጋ ጠብቀሽ ነው የምትሰኪው ትለኝ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄደ፤ እኔም ሳልነቅል ለዙህር ሶላት ወጣሁ። ስመለስ መብራቱ መጥቷል፤ አመጣጡ ግን የጤና አልነበረም፣ ሱቁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጣውንቴን ብነካካት ጭጭ። አጠገቧ ተሰክቶ የሚውለው የቅጂ ማስቀመጫህ፣ ያ የመዳፍ ያህል ጥቁር ሃርድ ዲስክ፣ እሱም አብሯት ሄደ። ወንድምህ ጀማል ሁለቱንም ጭኖ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ብርሃን ጠጋኝ ጋ ወሰዳቸው። የኮምፒውተሩ ዕቃ ተቀይሮ ተመለሰ። ውስጡ የነበረውን ግን እርሱት ተባልን።

ሱቃችን የሚኖረው በማሽኑ ሳይሆን በውስጡ ባለው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አስተማሪዎቹ የአምናውን ፈተና አውጪና እናስተካክለው ይላሉ። የኪራይ ውሉ፣ የዕድሩ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪው፣ ሁሉም የሚሠራው አንተ ስንት ዓመት ካዘጋጀኸው ላይ ነው። ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ የፈተና ሰሞን ሲደርስ ነው። ምንም እንደሌለኝ ሲሰማ ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ጀማልም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሱቁን ለጫማ ነጋዴ እናከራየውና አንቺም ዕረፊ አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ያለው አፌ ነው እንጂ ለሆዴስ አንተን ሁለተኛ መቅበር ሆኖበት ነበር።

ለእናትህ ሳልነግር ሱቁ ቢዘጋ ነውር ነው ብዬ ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ይዤ ቀወት ሄድኩ። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ። እማማ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ተሳሳምን። ገና ሳልቀመጥ እጄን አዩና፣

«መቀየሪያውን ሳትይዢ መጣሽ?» አሉኝ።

እኔ ዕድሜ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። እሳቸው ግን ተነስተው ወደ ቤት ገቡና ሳጥናቸውን ከፈቱ። ለዒድ ከሚለብሱት ልብስ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሻሹን ስፈታው፣ ሰዒዴ፣ ያ ጥቁር ሃርድ ዲስክ! የተቃጠለው መንታ ወንድም ነበረው ለካ። በየወሩ እናትህን ልትጠይቅ ስትሄድ አንዱን ትሰጣቸውና አንዱን ትወስድ ነበር። እኔ ደግሞ «እናቴ ጋ የማስቀምጠው አለኝ» ስትለኝ «ስለ ጣውንቴ አታውራብኝ» ብዬ አላስጨርስህም። ፀሐይ እንዳያየው፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ልጆች እንዳይዙት ብለህ አደራ ብለሃቸው ኖሯል። እሳቸውም ሙቀት ሲበረታ ሳጥኑን ቀዝቀዝ ወዳለው ግድግዳ እያዞሩ፣ እርጥበት እንዳያገኘው ከሥሩ ድንጋይ እያደረጉ ጠብቀውልሃል። አንተ ከሄድክ በኋላ የሚቀይር ሰው ሲጠፋ ደግሞ ሐዘንተኛን «አደራሽን ውሰጂ» ማለት ነውር ሆኖባቸው ከረሙ፤ አሁን ግን ሐዘኑ ዓመት ሲጠጋ ልቀይር የመጣሁ መስሏቸዋል። እኔም እሳቸውን እንዳላስከፋ ብዬ የሱቁን ጭንቀት አልነገርኳቸውም ነበር። ሁለታችንም ስንተዛዘን ልናጠፋው ነበር!

የአባትህ ወግ ያኔ ትዝ አለኝ። ማሽላውን በሁለት ጉድጓድ ይቀብሩ ነበር ትለኝ የለ? አንዱን ከደጃቸው፣ አንዱን ከእህታቸው ግቢ፤ አንዱን ውሃ ቢገባው ሌላው ቤቱን እንዲያበላ። እኔ የእርሻ ወሬ ነው ብዬ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ለካ ስለ ሱቃችን እያወራኸኝ ነው።

እማማ አደራውን ለብቻው አልለቅም አሉ፤ ስጠብቀው የኖርኩትን እኔም ልየው ብለው ባጃጁ ላይ ጭናቸው ላይ ታቅፈውት መጡ። እኔም የመብራቱን ተንኮል ቀምሼዋለሁና ጣውንቴ ላይ አልሰካሁትም፤ ከአንዱ አስተማሪ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ተዋስኩ። ጀማል ከኋላዬ ቆሟል። ሰካሁት። ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት። ፈተናዎቹ፣ ውሎቹ፣ ሠርጎቹ፣ ሁሉም እንዳስቀመጥካቸው ተደርድረው አሉ። እልል ልል ብዬ በእጄ አፌን ያዝኩት። ከሥር ደግሞ «ቤት» ብለህ የሰየምከው ማኅደር ነበር። እሱን ስከፍት አንተ ብቅ አልክ፤ እናትህ ግቢ ተቀምጠህ፣ የአፍህን ሳትውጥ ስትስቅ። እማማ ዓይናቸው ደክሟልና ፎቶውን አጎላሁላቸው። ጠጋ ብለው አዩ፣ ጣታቸውን ጉንጭህ ላይ አደረጉ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሳጥኔ ውስጥ ነበርክ?» አሉ።

አንተን ነው የጠየቁት፤ እኔን አይደለም። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ፣ አለቀስን፤ አልቅሰን ሳይወጣልን ደግሞ የአፍህን ጉርሻ እያየን ሳቅን። ጀማል ወደ ደጅ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ለጫማ ነጋዴው ደውሎ ሌላ ቤት ፈልግ ብሎታል።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አስተማሪዎቹ ተመለሱ፣ ሱቁ ሞልቶ ደጅ ላይ ይጠብቁኛል። አንተ ከሄድክ ወዲህ የሠራሁት ጠፍቷል፤ እሱን እንደገና እየጻፍኩት ነው፣ ጣቴም እየተፍታታ መጥቷል። ለመጣው ሁሉ እንደ አንተ ምክር ማዝነብ ጀምሬያለሁ፦ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚያድር ቅጂ፣ ቅጂ አይደለም፤ ሌላ ቤት ይደር እላቸዋለሁ። ቅጂ ይዣለሁ ብሎ የሚኮራብኝንም ከፍተህ አይተኸዋል ወይ እለዋለሁ፤ ሳይቀምሱ ወጡ ጥሩ ነው አይባልማ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሰምቶኝ ቅጂውን ማጀቴ ከተማ እህቱ ጋ ልኳል። ምክሩን የእኔ አድርገው ሲያመሰግኑኝ የባሌ ነው እላለሁ፤ ስምህን ስጠራ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ይህንን የምጽፍልህ በጣውንቴ ላይ ነው፤ በተቃጠለው ፋንታ የገዛሁት አዲሱ መቀየሪያ አጠገቤ ተሰክቶ ሁሉንም እየተቀበለ ነው። ደብዳቤውንም አብሬ አስገባዋለሁ። ሲያልቅ አንተ እንዳስተማርከኝ ሳልቸኩል መጀመሪያ ከጣውንቴ አሰናብቼ እነቅለውና በዚያው ሻሽ ጠቅልዬ ቀወት እሄዳለሁ፤ እማማ ባዶ እጄን ካዩኝ ደጃቸውን አያስረግጡኝም። በየወሩ አንዱን ሰጥቼ አንዱን እወስዳለሁ፤ በወሰድኩ ቁጥርም ከፍቼ አይሃለሁ። አልረሳህም ብዬ በባዶ አፍ አልምልልህም፣ አፌን ታውቀዋለህ። ግን ያ ሳቅህ ከእንግዲህ እንዲጠፋብን ከተፈለገ የእኔም የእናትህም ቤት በአንድ ቀን መቃጠል አለበት። ያንን ደግሞ አላህ አያሳየን።

ያንተዋ ሐያት